«ዩ.ኤስ.ኤ.» የተጻፈበት መፍቻ በእርግጥ የአሜሪካ ነው? ለአዲስ ጋራዥ ምን ይገዛ?

የገላኑ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ገላን ላይ፣ ከቃሊቲ ወደ ዱከም በሚወስደው አስፋልት ዳር ለሚከፈት ጋራዥ የእጅ ዕቃ እየገዛሁ ነው። በብዛት የሚገባው ዶልፊንና ኢሱዙ ኤን ፒ አር ነው፤ አልፎ አልፎ ሲኖትራክ ይኖራል። መርካቶ ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ ነው ያለው። አንዱ ምን አለሽ ተራ የሚገኘው ሰልባጅ፣ ሰውነቱ ላይ «ፎርጅድ ኢን ዩ.ኤስ.ኤ.» ተብሎ የተቀረጸበት የድሮ መፍቻ። ሁለተኛው የታወቀ የአሜሪካ ስም ይዞ ካርቶኑ ላይ ቻይና ወይም ታይዋን የሚል አዲስ ዕቃ። ሦስተኛው ስሙ የማይታወቅ፣ «ዩ.ኤስ.ኤ. ቴክኖሎጂ» የሚል ካርቶን ያለበት ርካሽ። ሻጮቹ ሦስቱንም «ኦሪጅናል» ነው የሚሉት።

የአሜሪካ ፋብሪካዎች እውነት ተዘግተው ነው ወይስ ኮፒ እየተሸጠልን ነው? ሰልባጁ ይሻላል የሚሉትስ ልክ ናቸው? ብሩ ለሁሉም አይበቃም፤ ጥሩው መገዛት ያለበት የቱ ነው፣ ርካሽ ቢሆን የማይጎዳውስ?

ብረት ተራ፦

ሁለቱም አለ። ኮፒ ሞልቷል፤ ግን የአሜሪካ ስም ይዞ ከቻይና የመጣ ሁሉ ኮፒ አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ ፋብሪካው ተዘግቶም ስሙ እየተሸጠ የሚኖር ብዙ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቫይስ ግሪፕን፣ ማለትም አፉ ተቆልፎ የሚይዘውን ፒንሳ፣ ተመልከት። ከዴንማርክ የፈለሰው ቀጥቃጭ ዊልያም ፒተርሰን ነው ኔብራስካ ግዛት ውስጥ ደ ዊት በምትባል ትንሽ ከተማ የፈለሰፈው፤ የሚቆለፈውን እጀታ በ1924 በስሙ አስመዘገበ። ፋብሪካው እዚያው ከተማ ሲሠራ ኖሮ በ2008 ተዘጋና ሥራው ቻይና ሄደ። ስለዚህ ሰልባጅ ላይ እጀታው «ደ ዊት» የሚል ቫይስ ግሪፕ ካገኘህ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውም ኮፒ አይባልም፣ የስሙ ባለቤት ያሠራው ነው።

ክራፍትስማን ደግሞ ከመጀመሪያውም የፋብሪካ ስም አልነበረም። ሲርስ የተባለው ነጋዴ ድርጅት በ1927 ያወጣው የመደብር ስም ነው፤ መፍቻውን የሚሠሩለት በውል የተያዙ ሌሎች ፋብሪካዎች ነበሩ። ውሉ በተቀየረ ቁጥር ሠሪውም ይቀየራል፣ ስሙ ግን ያው ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ የእጅ ዕቃው ከአሜሪካ ወደ ቻይናና ታይዋን ዞረ። በ2017 ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ስሙን ገዛና ቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ ላይ በማሽን ብዛት የሠራተኛውን ወጪ የሚቀንስ አዲስ ፋብሪካ እሠራለሁ ብሎ በ2019 አወጀ። በ2023 መጋቢት ላይ እንደሚዘጋው አሳወቀ፤ ማሽኖቹ የታሰበውን ያህል አላመረቱም።

ክሬሰንት፣ ማለትም አፉ በጥርስ ጎማ የሚሰፋና የሚጠበበው መፍቻ በስሙ የሚጠራበት ኩባንያ፣ በ1907 ኒው ዮርክ ግዛት ጄምስታውን ላይ የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው መፍቻ በብዛት የቻይና ነው። የኒኮልሰን ሞረድም በ1864 ፕሮቪደንስ ላይ ጀምሮ አሁን የሚሠራው ሜክሲኮና ብራዚል ነው።

እዚያው የቀሩም አሉ። የቻነሎክ ፒንሳ ዛሬም ፔንስልቬኒያ፣ ሚድቪል ላይ ይሠራል። የኢስትዊንግ መዶሻ ሮክፎርድ፣ የሪጂድ ፓይፕ ሬንች (የቧንቧ መፍቻ) ኦሃዮ ኢሊሪያ። ስናፕ ኦን አብዛኛውን የእጅ መፍቻ እዚያው ይሠራል። ግን በዚህም አትታለል፤ የቻነሎክን አፉ የሚስተካከል መፍቻ ገልብጠህ ብታየው ስፔን ይላል። ያው ስም፣ ሌላ አገር።

ጽሑፉን ለማንበብ የሚረዳህ ነገር፦ በአሜሪካ ሕግ ያለ ተጨማሪ ቃል «ሜድ ኢን ዩ.ኤስ.ኤ.» ለማለት ዕቃው ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል እዚያ የተሠራ መሆን አለበት። ወደ አሜሪካ የሚገባ የውጭ ፒንሳ ደግሞ የተሠራበት አገር ብረቱ ላይ እንዲቀረጽ ወይም እንዲታተም ይገደዳል፣ ካርቶን ላይ ብቻ አይበቃም። ችግሩ እዚህ የሚራገፈው ጭነት በአሜሪካ ጉምሩክ አላለፈም። ስለዚህ «ዩ.ኤስ.ኤ. ቴክኖሎጂ»፣ «ዩ.ኤስ.ኤ. ታይፕ»፣ «ዲዛይንድ ኢን ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚሉት ስለተሠራበት አገር ምንም አይናገሩም።

ቶርኖ ቃሊቲ፦

ብረት ተራ ታሪኩን በደንብ አስቀምጦታል፤ ግን ሱቅ በር ላይ ስትቆም ታሪክ አይጠቅምህም። ካርቶኑን ተወው። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለውም የብረቱ ስም ነው፣ እንዴት እንደጠነከረ አይነግርህም። ያው ብረት ግሎ በትክክል ዘይት ውስጥ ካልጠለቀና ቴምፐር ካልሆነ፣ ማለትም በዝቅተኛ ሙቀት ተመልሶ ካልሞቀ፣ አንድም ሊጥ፣ አንድም ብርጭቆ ነው የሚሆነው።

ካሊፐር (ስፋት መለኪያ)፣ አንድ አዲስ ሞረድና ያልተበሉ የ10፣ የ14 እና የ19 ብሎኖች ይዘህ ውረድ።

አፉን ለካ። የ19 መፍቻ አፉ በትክክል 19 አይሆንም፣ ትንሽ ይሰፋል፤ 19.4 ሚ.ሜ. ከደረሰ ግን አትግዛው፣ የዳዶውን ጠርዝ የሚበላው ያ ነው። ጫፉ ላይም ከውስጥ በኩልም ለካ፤ ሁለቱ ከተለያዩ አፉ ተከፍቷል ወይም ሲሞረድ ተዛብቷል። ቀለበቱን ደግሞ ዙሪያውን ተመልከት፦ አንዱ ወገን ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ቀዳዳው መሃል አልተመታም፣ በቀጭኑ በኩል ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ጎኑን እይ። ተቀጥቅጦ የተሠራ መፍቻ ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተገናኙበት፣ ትርፉ ተቆርጦ የተሞረደበት መስመር በጎኑ ይሄዳል። ርካሹ ላይ መስመሩ በደንብ ሳይሞረድ ክሮም ተቀብቶበት ታያለህ፤ አስቀያሚ ነው እንጂ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ በክሮሙ ሥር የአረፋ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ካየህ ነው፤ ያ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። መፍቻ ሆኖ የፈሰሰ ብረት ከሆነ አስቀምጠህ ውጣ።

ሞረዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥሩ መፍቻ በብረት ጥንካሬ መለኪያ ከ42 እስከ 48 ሮክዌል ሲ አካባቢ ነው፣ ሞረድ ግን ከ60 በላይ። ስለዚህ ጥሩ መፍቻንም ሞረድ ይነካዋል፤ «ሞረድ ነካው፣ ስለዚህ ለስላሳ ነው» ማለት ስህተት ነው። የምትፈልገው በግድ፣ እየተንሸራተተ ትንሽ የሚያነሳ ብረት ነው። እንደ ላሜራ በቀላሉ ከበላው ለስላሳ ነው፣ አፉ ይከፈታል። እንደ መስታወት ሙሉ በሙሉ ካንሸራተተው ደግሞ ከልክ በላይ ጠንክሯል፤ በመዶሻ ሲመታ ወይም እጀታውን ለማስረዘም ቧንቧ ሲገባበት ያለማስጠንቀቂያ ይሰበራል። ክሮሙ ራሱ ጠንካራ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አልፈህ ነው መፍረድ ያለብህ። የምታምነው አንድ መፍቻ ካለህ ይዘኸው ሂድ፣ ጎን ለጎን ሞርድ።

ፒንሳ ዘግተህ ወደ ብርሃን አቅና፦ መቁረጫው ዳር እስከ ዳር መግጠም አለበት። ከዚያ ቀጭን ወረቀት ቁረጥበት፤ በአንድ ጫፍ ቆርጦ በሌላው ካጠፈው ሁለቱ ጠርዞች ትይዩ አይደሉም። የመቁረጫው ጠርዝ ከመፍቻው በጣም ይጠነክራል፣ እዚህ ላይ ሞረድ ቢያንሸራትት ነው ጥሩው።

ካሊብሮ፦

ሰልባጁ ላይ ማንም ያላነሳው አለ፦ ኢንች ነው። የድሮ የአሜሪካ ስብስብ በአብዛኛው የኢንች ቁጥር ነው፣ የአንተ ዶልፊንና ኢሱዙ ደግሞ ሚሊሜትር። የሚገጥሙ አሉ፦ 3/4 ኢንች 19.05 ስለሆነ ለ19 ይሆናል፣ 5/16 ለ8፣ 7/8 ለ22፣ 1 ከ1/16 ደግሞ 26.99 ነውና ለ27። የማይገጥሙት ናቸው አደገኛዎቹ። 11/16 ማለት 17.46 ነው፤ 17 ብሎን ላይ ይገባል፣ ግማሽ ሚሊ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ይወዛወዛል፣ ስትስበው ጠርዙን ይበላዋል። 9/16 ማለት 14.29፣ ያውም የጃፓን መኪና ላይ 14 በየቦታው ነው። 1/2 ኢንች ደግሞ ለ13 አይገባም፣ ለ12 ይሰፋል።

ስለዚህ ሰልባጅ ከወሰድክ ተራ መፍቻውን ተወውና ቁጥር የማይጠይቀውን ውሰድ፦ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ቫይስ ግሪፕ፣ ሞርሳ፣ የራቸት እጀታ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየያዘ የሚያዞረው) እና ማስረዘሚያ። የራቸት ካሬ ጫፍ በመላው ዓለም በኢንች ነው፤ የ1960ዎቹ የአሜሪካ 1/2 እጀታ የዛሬውን የታይዋን 19 ቡሽ (ብሎኑ ራስ ላይ የሚሰካውን) ይይዛል። ያኔ የተሠራ ሞርሳ ካገኘህማ አትለፈው።

የገላኑ፦

በጣም ነው የማመሰግነው። ኢንቹን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሻጩ «የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» ብሎ የአሜሪካ ስም ያለውን በሦስት እጥፍ ይጠራዋል፣ ያዋጣል? ሁለተኛ፣ ለምንድን ነው ግን የሄዱት? የደመወዝ ጉዳይ ብቻ ነው? ነገ ደግሞ ከቻይናም ተነስቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል ማለት ነው?

ዕቃ አስመጪዋ፦

ወንድሜ፣ ከዋስትናው ልጀምር። ያ ዋስትና የሚሠራው የተሰበረውን ይዘህ የምትሄድበት መደብር ካለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደንበኛው የተሰበረ ቡሽ ይዞ ይገባል፣ አዲስ ይዞ ይወጣል፤ ዋጋው ያንን ምትክ አስቀድሞ ያካተተ ነው። ገላን ላይ ምትክ የሚሰጥህ ስለሌለ ለማታገኘው አገልግሎት ነው የምትከፍለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያ ልዩነት በብር ሲመነዘር ቀላል አይደለም። በዚያው ብር ሁለት ሙሉ የታይዋን ስብስብ ይገዛል፤ አንዱን ለምትክ አስቀምጠው፣ ዋስትናህ እሱ ነው።

ለምን ሄዱ ለሚለው፣ ደመወዝ አንድ ነገር ነው፣ ሁሉም ግን አይደለም። የአንድ መፍቻን መንገድ ተከተል። ዘንግ ብረት ይቆረጣል፣ ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፣ በቅርጽ መሃል ይቀጠቀጣል፣ ትርፉ ይቆረጣል። ከዚያ እንደገና ወደ 850 ተግሎ በዘይት ይጠልቃል፣ ቴምፐር ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ማሽኑ ነው የሚሠራው፣ የትም አገር ቢሆን ወጪው ያን ያህል አይራራቅም። ቀጥሎ ያለው መሞረድ፣ ማለስለስ፣ ኒኬልና ክሮም መንከር ነው ሰው የሚበላው። እያንዳንዱ ፍሬ በእጅ ይነካል። የክሮም ገንዳ ደግሞ መርዝ ነው፤ በፈረንጅ 2006 የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንዲተነፍሰው የሚፈቀደውን የክሮም መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ52 ማይክሮግራም ወደ 5 አወረደው። ያ ሕግ ተገቢ ነው፣ ግን የአየር ማጽጃና የፍሳሽ ማጣሪያ ወጪ ትንሽ ፋብሪካ አይሸከመውም።

ሦስተኛው ገዢው ነው። የዕቃው ገበያ በጥቂት ትላልቅ የመደብር ሰንሰለቶች እጅ ሲገባ፣ መደብሩ በራሱ ስም ያሠራል፣ በየጥቂት ዓመቱም ውሉን ለጨረታ ያወጣል። ያን ጊዜ ፋብሪካው ስም የለውም፣ ዋጋ ብቻ ነው ያለው። ያ የፎርት ወርዝ ፋብሪካም የሚያሳየው በማሽን ብቻ ይህን ማካካስ ቀላል እንዳልሆነ ነው።

ታይዋን እንዴት ገባች ብትለኝ፣ ታይቹንግ ከተማ ዙሪያ አንዱ ቀጥቅጦ፣ ሌላው አጥልቆ፣ ሌላው ክሮም ነክሮ የሚቀባበሉ ብዙ ትናንሽ ወርክሾፖች አሉ። እንደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔና ጥልፍ ሠሪ በለው፣ አንዱ ለአንዱ ያቀብላል። በርካሽ ጀምረው ዛሬ የባለሙያ ዕቃ ሠሪ ሆነዋል፤ ርካሹ ከእነሱ ወደ ዋናው ቻይና ወረደ። በቻይናም ቢሆን አሁን ስሙን ራሱ የሚገዙ አሉ፦ ግሬት ስታር የተባለው የሃንግዡ ኩባንያ በ2021 ኤስ ኬ የተባለውን የድሮ የአሜሪካ መፍቻ ስም ገዝቷል።

ብረት ተራ፦

በዋስትናው እስማማለሁ፣ በደመወዙ ግን አልስማማም እህቴ። የክሮም ሕግ ከመምጣቱ በፊት ነው ብዙው የሄደው። ደግሞም ጀርመን ደመወዙም ሕጉም ከአሜሪካ አያንስም፤ ክኒፔክስ ዛሬም ቩፐርታል ላይ ፒንሳ ይሠራል። የእኔ አስተያየት ባለቤትነቱ ነው ልዩነቱ፦ ክኒፔክስም ቻነሎክም የቤተሰብ ድርጅት ናቸው። ቫይስ ግሪፕ ግን በትላልቅ ኩባንያዎች እጅ እየተላለፈ ነው መዘጋት የደረሰበት፤ ክራፍትስማንም ከገዢ ገዢ ሄዷል።

ዕቃ አስመጪዋ፦

እሱ ልክ ነው፣ ባለቤቱ ይወስናል። ግን ክኒፔክስ በስንት እንደሚሸጥ አይተሃል? ያንን ዋጋ የሚከፍል ባለሙያ ስላለው ነው የቆየው። ለቤት የሚሸጥ መፍቻ ያንን አይሸከምም።

ቶርኖ ቃሊቲ፦

ክርክሩን እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ወደ ገላኑ ልመለስ። ብርህን የት ታጠፋለህ ላልከው፦

ከሁሉ በፊት ባለ 6 ጎን ቡሽ ነው፣ ባለ 12 አይደለም። ባለ 6 ጎኑ የዳዶውን ፊት ይጫናል፣ ባለ 12ቱ ጥጉ ላይ ነው የሚያርፈው። ለጃፓን መኪና 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19፣ 21 በሁለት በሁለት ግዛ፤ የሚጠፋውም የሚበላውም እነዚህ ናቸው፣ 10 ደግሞ ሁልጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። በአየር ማሽን የምትፈታ ከሆነ ጥቁሩን፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነውን ክሮም ሞሊብደነም ግዛ። የሚያብለጨልጨው ክሮም ቡሽ በማሽን ምት ይሰነጠቃል፣ ክሮሙም እየተላጠ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የራቸት እጀታ ላይ ጥርሱን ቁጠር፦ 36 ጥርስ ከሆነ በ10 ዲግሪ ነው የሚይዘው፣ 72 ከሆነ በ5። ጠባብ ቦታ ላይ 72 ይመረጣል፤ ለጎማና ለከባድ ሥራ ግን ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ እሱን አትጠቀም፣ ጥርስ የሌለው ረጅም እጀታ ይሻላል።

ርካሽ ቢሆን የማይጎዳው፦ ጎማ መዶሻ፣ የዘይት ማስቀመጫ፣ የፕላስቲክ መንቀያ። ለኢሱዙ ደግሞ ለድሮው የጃፓን ጎማ ዳዶ የሚሆኑትን የ41 እና የ21 ካሬ ቡሽ ለብቻቸው፣ የእጀታ ካሬያቸው 3/4 ወይም 1 ኢንች የሆነውን ግዛ፣ በ1/2 አትሞክረው። የሲኖትራክ ጎማ ዳዶን አስቀድመህ ለካው፣ 32 እና 33 ይቀላቀላል።

ካሊብሮ፦

1/2 ለምን አይሆንም የሚል ካለ ሒሳቡ ይኸው። 1/2 ኢንች ዕቃ የሚፈተነው 500 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቧንቧ አስገብቶ ጫፉ ላይ ከተንጠለጠለ ወደ 785 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ ካሬው ከተሰበረ «ቻይና ነው» ይባላል፤ አሜሪካም ቢሆን ይሰበር ነበር። ልዩነቱ ጥሩው አስቀድሞ ይጠመዘዛል፣ መጥፎው በአንዴ ይፈናጠራል።

ሌላው መፍቻ በብየዳ ማጠፍና ማስረዘም ነው። ብረቱ ቀይ ከሆነና በራሱ ከቀዘቀዘ ጥንካሬው ሄደ። ውሃ ውስጥ ከከተትከው ደግሞ ብርጭቆ ሆነ። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ክሮሙን ሞርደህ አንሳ፣ ሲግል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። አጥፈህ ከጨረስክ በኋላ ማግኔት መሳቡን እስኪተውና ከዚያ ጥቂት እስኪያልፍ ድረስ በእኩል አግለው፤ ማግኔቱ የሚለቀው ወደ 770 ዲግሪ ላይ ነው፣ የምትፈልገው 850 ገደማ። ለብ ባለ ዘይት ውስጥ አጥልቅ፤ ነበልባል ስለሚነሳ ክዳን አዘጋጅ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ከ400 እስከ 450 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት መልሰህ አሙቀው። በዓይን ከሆነ የተወለወለው ቦታ ሰማያዊ ሆኖ አልፎ ግራጫ ሲሆን ነው። ይህን ሁለተኛ ማሞቅ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው፤ መፍቻው የመጀመሪያው ጠንካራ ብሎን ላይ ነው የሚሰበረው።

የገላኑ፦

የመጨረሻ። ፓይፕ ሬንቹስ? ቶርኖ ቃሊቲ የፈሰሰ ብረት አትግዛ ብሎኛል፤ የአሜሪካው ሪጂድ ራሱ ግን ሰውነቱ የፈሰሰ ይመስላል።

ቶርኖ ቃሊቲ፦

ጥሩ አየህ፣ እሱ ለየት ይላል። የፓይፕ ሬንች ሰውነት ከማይሰባበር የፈሰሰ ብረት ሊሆን ይችላል፣ የሪጂዱም እንደዚያ ነው። ጥርስ ያላቸው ሁለቱ መንጋጋዎች ግን ከጠንካራ ብረት መሆን አለባቸው። የሪጂድ ጥቅሙ መንጋጋው፣ ዳዶውና ስፕሪንጉ ለብቻ መሸጡ ነው፤ ጥርሱ ሲያልቅ ሙሉውን አትጥልም። ስለዚህ ስትገዛ መንጋጋው የሚፈታ መሆኑንና መለዋወጫው መርካቶ መኖሩን ጠይቅ። ስትጠቀምበት ቧንቧው ከመንጋጋው ጀርባ ጋር እንዳይነካ ክፍተት ተውለት፣ ካልተውክለት አይነክስም፣ ይንሸራተታል። ዳዶ አትፍታበት።

የገላኑ፦

ነገ ካሊፐርና ሞረድ ይዤ እወርዳለሁ። ሻጩ ሞረድ አላስነካም ካለስ?

ብረት ተራ፦

ማለቱ አይቀርም፣ ደግሞም እውነት አለው። አንድ ፍሬ 14 ግዛና ውጭ ወጥተህ ሞክረው። ከተመቸህ ተመልሰህ ከዚያው ካርቶን የቀረውን ውሰድ። ለሳምንት አታሳድረው፤ የሚቀጥለው ጭነት በዚያው ስም ከሌላ ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል።